ጎራ ፍለጋ፦ ከደብረ ሲና እስከ ኮልፌ

አንድ ሰው ደጋግሞ የሚነግራችሁን ቃል፣ የምታውቁት ቃል ስለሆነ ብቻ ሳትሰሙት ቀርታችሁ ታውቃላችሁ? ሳይገጥማችሁ አይቀርም። እኔ ክፍል ውስጥ ይገጥመኛል። ተማሪ እጁን ያወጣል፣ መጠየቅ ይጀምራል፣ እኔም ጥያቄው ሳያልቅ የማውቀውን እመልስለታለሁ። እሱ «እሺ» ብሎ ይቀመጣል። የጠየቀው ግን ሌላ ነገር ነበር።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ በገና ጾም መካከል፣ ከደብረ ሲና ተነሥቼ አዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ሄጄ ነበር። ደብረ ሲና ላላችሁ ባልደረቦቼና ኮልፌን አይታችሁ ለማታውቁ ሁሉ የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፍላችኋለሁ። የባዮሎጂ መምህርት ነኝና ሌላ አጻጻፍ አይሆንልኝም።

ረቡዕ

የሄድኩት ሰላም መልእክት ስለላከችልኝ ነው። ሰላም የዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኛዬ ናት። ተማሪ እያለን ቅዳሜና እሑድ የማርፈው ኮልፌ፣ እነሱ ቤት ነበር። እናቷን እማማ አስካለን እንደ እናቴ አያቸዋለሁ፤ እሳቸውም ለጎረቤት ሲያስተዋውቁኝ «ይቺ የደብረ ሲናዋ ልጄ ናት» ይሉ ነበር። እማማ አጠና ተራ ሻይ ቤት ነበራቸው። አጠና ለአጥርና ለቤት ግድግዳ የሚሆነው ቀጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ አጠና ተራ ደግሞ እንጨቱ የሚሸጥበት የኮልፌ ሰፈር። እኛ ዘንድ አጠና ሲያስፈልግ ጎረቤትን አስፈቅዶ መቁረጥ ነው። እዚያ ግን በመንገዱ ዳር ተደርድሮ ቆሞ ደንበኛ ይጠብቃል።

የሰላም መልእክት አጭር ነበር፦ «እማዬ ከሆስፒታል ወጥታለች። ቤት ውሰዷት ብለውናል። ከቻልሽ ነይ።» «ቤት ውሰዷት» የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። የዳነም ሰው ቤት ይወሰዳል፣ የማይድንም ይወሰዳል። ርዕሰ መምህራችን ፈቃድ ሰጡኝ፣ አንድ ባልደረባዬ ክፍለ ጊዜዬን ያዘልኝ።

ከደብረ ሲና የወጣነው በጉም ውስጥ ነው። አውቶቡሱ የጣርማበርን ዳገት ሲጨርስ ሜዳው በፀሐይ ተጥለቅልቆ ጠበቀን። ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ጠጥተን ወጣን። ከዚያ በኋላ እናቴ የሰጠችኝ የበሶ ከረጢት እግሬ ሥር ተቀደደ፣ እኔም ያወቅሁት ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ነጭ ከሆነ በኋላ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሳይናደዱ የራሳቸውን ፌስታል አውጥተው የተረፈውን ሰበሰቡልኝ።

ላምበረት መናኸሪያ ወርጄ በሚኒባስ ታክሲ መገናኛ፣ ከመገናኛ አውቶቡስ ተራ፣ ከዚያ ኮልፌ። ደብረ ሲና ከዳር እስከ ዳር በእግር የምንጨርሳት ከተማ ናት። እዚያ ግን አንድ ከተማ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሳፍሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ተሰልፌ ነው የደረስኩት።

የእነ ሰላም ግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በረንዳው ላይ የተቆለለ ጫማ ሳይ፣ አለፉ ማለት ነው አልኩ። ወደ ውስጥ ስገባ ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል፣ እማማ አልጋቸው ሳሎን ወጥቶ ተኝተዋል፣ ዓይናቸው ክፍት ነው። የሰላም ወንድም ዮናስ ቀድሞ አየኝ።

«ቲቸር፣ ጠመኔውን እዚህ ድረስ ይዘሽው መጣሽ?» አለኝ ቀሚሴን እያየ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ሰላም ስታቅፈኝ አለቀስኩ።

እማማን ስትሮክ ነው የመታቸው። ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፣ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጎትቷል፣ ቃላቸው ጠፍቷል። የቀረችው አንዲት ቃል ናት። «ጎራ» ይላሉ። ከዚያ አንድ ሌላ ነገር ይከተላል፣ እሱን ግን ከንፈራቸው ይውጠዋል። እንደገና «ጎራ…»።

ዮናስ አስረዳኝ። እናቱ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያገኙትን ሁሉ፣ አጠና ተሸካሚውንም ሹፌሩንም፣ «ጎራ በሉ» ሲሉ ነው የኖሩት። እኔም አስታውሳለሁ፤ ድምፃቸው እስከ ፌርማታው ይሰማ ነበር። ስለዚህ ልጆቻቸው አሁንም ሰው እየጠሩ ነው ብለው፣ እማማን የሚያውቅ ሁሉ እንዲመጣ አስነገሩ። ሰውም መጣ። የዕድር ሴቶች መጡ፣ የድሮ ደንበኞች መጡ፣ አጠና ተሸካሚዎቹ ከሥራ ሲወጡ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጡ። እማማ «ጎራ…» ባሉ ቁጥር አንዱ «ገብተናል፣ እማማ፣ ገብተናል» ይላቸዋል።

ማታ ሽሮና ጎመን በላን። ለእማማ የተሠራው ሾርባ ግን እንደቀረበ ተመለሰ። ሰላም እናቷ ከታመሙ ጀምሮ ከውኃ በቀር ምንም እሺ እንዳላሉ ነገረችኝ። «የምትፈልገውን ባወቅሁ» አለችኝ። «አንድ ነገር እየፈለገች ነው። እሱን ሳታገኝ እንዳትሄድብኝ ነው የምፈራው።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእኔም ጉዞ ዓላማ ይኸው ሆነ። ፍራሼን ከአልጋቸው ሥር አንጥፌ ተኛሁ።

ሐሙስ

እኛ አገር በሽተኛ የሚጠይቅ ሰው በር ላይ ቆሞ ድምፁን ያሰማል፣ ገብቶ «እግዜር ይማርዎ» ይላል፣ ትንሽ ተቀምጦ ይወጣል። ኮልፌ ጠያቂው ከሩቅ በታክሲ ስለሚመጣ ከተቀመጠ አይነሣም። እየተጫወተ ይቆያል። እንዲህ ያለ ደግ ሕዝብ አላየሁም። አንዷ ከቤቷ አንሶላ አምጥታ ቀየረችላቸው፤ አንድ አጠና ተሸካሚ አልጋው ወደ ግድግዳው እንዳያዘም እግሩ ሥር እንጨት ጠርቦ አስገባለት። እማማ ግን ሰው በበዛ ቁጥር «ጎራ» ማለታቸው እየበረታ፣ እንባቸው እየወረደ ሄደ። ሰዎቹ የደስታ እንባ ነው አሉ። እኔም አመንኩ።

ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ሴቶች በሌላ ሰፈር ለቅሶ ሊደርሱ ወጡና ቤቱ ባዶ ሆነ። ሰላም ጓሮ ልብስ ታጥባለች። እኔና እማማ ብቻችንን ቀረን። ያን ጊዜ ግራ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ወጣ። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ተገናኙ፣ አየር ላይ የሆነ ነገር በቀስታ ያዙ፣ ዞር አድርገው ሳቡት። ከዚያ እጃቸውን ድንገት ሰብሰብ አደረጉ፤ እሾህ እንደወጋው ሰው። «ጎራ…» አሉ።

ይህን የእጅ እንቅስቃሴ አውቀዋለሁ። ተማሪዎቼን ለመስክ ትምህርት ገደል ሥር ሳወርዳቸው ሁሉም ይህን ነው የሚያደርጉት። ሰው ለእንግዳ በር ሲከፍት እጁ እንዲህ አይሆንም። እንዲህ የሚሆነው ከእሾህ መካከል ፍሬ ሲለቅም ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። አንድ ተክል ቢያንስ ሁለት ዓይነት ስም አለው። አንዱ ሳይንሳዊ ስሙ ነው፤ በላቲን ይጻፋል፣ ሁለት ቃል ነው፣ መጀመሪያው ወገኑን ሁለተኛው ዝርያውን ይናገራል፣ ዓለም ሁሉ በዚሁ ይጠራዋል። ሌላው የአገር ስሙ ነው፤ ይህ በየቋንቋው፣ አንዳንዴም በየወንዙ ይለያያል። ዩኒቨርሲቲ እያለን ተክል አድርቀን ወረቀት ላይ ስንለጥፍ ሁለቱንም እንድንጽፍ እንገደድ ነበር። እኔ ከለጠፍኳቸው አንዱ የዱር እንጆሪ ነው፤ ሩበስ አፔታለስ። አፔታለስ ማለት የአበባው ቅጠል የሌለው ማለት ነው፤ አበባው ላይ ያ ቅጠል ወይ የለም ወይ ከቁጥር አይገባም። የጎደለውን በስሙ ተሸክሞ የሚኖር ተክል ስለሆነ አልረሳውም። በአማርኛ እንጆሪ፣ በኦሮምኛ ጎራ።

እማማ የተወለዱት ከጊንጪ ወዲያ፣ ጄልዱ መሆኑን አውቅ ነበር። ባለቤታቸው ግን የጎጃም ሰው ነበሩ፤ ቤቱ ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው፣ ልጆቹ ሌላ አልተማሩም።

ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «እማማ፣ እንጆሪ ነው? የዱሩ?» አልኳቸው። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ቆመ። ጣቴን ያዙኝ፣ አልለቀቁኝም።

ሰላምን ጠራኋት። እሷ እጇ አረፋ እንደሆነ ጎረቤታቸውን እትዬ ጠጂቱን ጠራች። እትዬ ጠጂቱ ያደጉት ቡራዩ ነው፣ ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲመጡም ሰንብተዋል።

«ጎራማ ፍሬ ነው» አሉ፣ ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እኔ ደግሞ ገብቻለሁ ስላት ነው የሰነበትኩት። ጎራ በሉ ትላለች ብላችሁ ስትነግሩኝ እኔም እንደዚያው ሰማኋት።»

ማንም አልወቀሳቸውም። ሁላችንም እንደዚያው ነው የሰማነው።

ዮናስ ወሬውን በስልክ ሲሰማ ሳይጠየቅ ወደ አንድ ትልቅ ሱቅ በረረ፣ ሲመሽ እንጆሪ ይዞ መጣ። በሳጥን የታሸገ፣ ቀይ፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ የእርሻ እንጆሪ። ችግሩ ይኸው ነው፤ በአማርኛ የሱቁንም የዱሩንም እንጆሪ እንላቸዋለን። የሱቁ ወገን ፍራጋሪያ ይባላል፣ መሬት ላይ ይሳባል፣ እሾህ የለውም። እማማ አንዱን ፍሬ በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው አዩትና ለቀቁት።

«ቲቸር፣ ያ የላቲኑ ስም ማን ነበር?» አለኝ ዮናስ።

«ሩበስ።»

«የኳስ ተጫዋች ነው የሚመስለው። ነገ ሄደን እናስፈርመዋለን።»

ከዚያ ወጥቶ በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ለአጎታቸው ለጋሽ ደሬሳ ደጋግሞ ደወለ። ጋሽ ደሬሳ የእማማ ታናሽ ወንድም ናቸው፣ ጄልዱ ይኖራሉ። ስልካቸው አይሠራም ነበር።

ዓርብ

እኔና ዮናስ በጠዋት ወጣን። እትዬ ጠጂቱ ድሮ ሳንሱሲ አካባቢ ጎራ እንደነበር ነግረውን ነበርና መጀመሪያ ወደዚያ ሄድን። አንድ ባለ ሱቅ ጠየቅን። ሴትዮዋ ከባንኮኒው ወጥታ በእጇ አሳየችን፤ ያኛው ፎቅ ያለበት ላይ ነበር፣ ልጅ እያለን እዚያ ነበር የምንለቅመው፣ አለችን። አሁን ግንብና ቆርቆሮ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቤት ሲሠራ ቁጥቋጦው ትንሽ ፈቀቅ ይላል እንጂ አይጠፋም፤ ገደሉ ላይ ማን ይሠራል። እዚህ ግን ወዴት ፈቀቅ ይበል?

በእግራችን ወደ አስኮ አለፍን። ግንባታ የሚጠብቁ ጋሽ መኮንን የሚባሉ ዘበኛ አገኘን። የምንፈልገውን ስንነግራቸው መጀመሪያ ተጠራጠሩን፤ ለመሬት የመጣን ደላሎች መስለናቸው ነበር። ዮናስ «እናቴ ታማብኝ ነው» ሲላቸው ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተው ራሳቸው መሩን። ከሰፈሩ በላይ፣ በባሕር ዛፉ መካከል የሚወርድ ጠባብ ወንዝ አለ። ዳርና ዳሩ ላይ፣ ከቆሻሻው ክምር በላይ፣ ቁጥቋጦው ተዘርግቶ ቆሟል።

ሩበስ አፔታለስ። ግንዱ እንደ ጅራፍ ይወረወራል፣ እሾሁ ወደ ኋላ የቆለመመ ስለሆነ ሲገቡበት ዝም ብሎ ሲወጡ ይይዛል። ፍሬው አንድ ይመስላል እንጂ ብዙ ጥቃቅን ፍሬዎች የተቃቀፉበት ነው፤ ቀይ ሆኖ ይቆይና ሲበስል ይጠቁራል። የበሰለውን ወፎች ጨርሰውት ኖሮ ያገኘነው እፍኝ አይሞላም። ዮናስ ሱሪው ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተተረተረ።

«እማዬ ይሄን እየለቀመች ነው ያደገችው?» አለ ደም ያዘለ ጣቱን እየላሰ። «እኔ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። እሺ፣ እኔስ ጠይቄያት አውቃለሁ?»

አጠገቡ ቀጋም ነበረ፤ የዱር ጽጌረዳ ነው፣ ቀይ ቢጫማ ፍሬ አለው። አየሁት፣ አለፍኩት። ጋሽ መኮንን ምሳቸውን ሳንካፈላቸው አልለቀቁንም፤ ከዘበኛ ቤታቸው ምስር ወጥ አውጥተው ከአንድ ትሪ በላን።

ስንመለስ ፍሬውን ምሳ ዕቃ ውስጥ አድርጌ እቅፌ ላይ ይዣለሁ። ታክሲው ውስጥ ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ አራተኛ ሰው ሲጨምርብን ክዳኑ ተከፈተና ወይን ጠጅ የመሰለው ጭማቂ አጠገቤ ባሉት እናት ነጭ ነጠላ ላይ ፈሰሰ። ሴትዮዋ ተቆጡኝ፤ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዬ ነው አሉ። ዮናስ ለማን እንደምንወስደው ነገራቸው። ይህን ሲሰሙ ምሳ ዕቃውን ከእጄ ወስደው፣ ያንኑ ነጠላ አጥፈው ከሥሩ አደረጉና እስክንወርድ እሳቸው ያዙት።

ቤት ስንደርስ ጠያቂዎቹ መንገድ ለቀቁልን። ሰላም ከአልጋው ጎን ተቀመጠች፣ ያልፈረጠና ጥቁር የሆነውን መርጣ ወደ እናቷ አፍ አቀረበች። እማማ አዩት። ፊታቸው ላይ የሆነውን መግለጽ አልችልም፤ ልጅ ሆኑ ብል ይቀርበዋል። ግን አፋቸውን አልከፈቱም። ግራ እጃቸውን አንሥተው ፍሬውን ከሰላም ጣቶች ተቀበሉ፣ ይዘውትም ወደ ሰላም ፊት መለሱት።

«አይ እማዬ፣ ላንቺ ነው» አለች ሰላም፣ እጃቸውን መለሰች። እንደገና ገፉት። እንደገና መለሰችው። በመጨረሻ እጃቸው ወደቀ፣ ፍሬው አንሶላው ላይ ፈረጠ፣ እማማም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እኔ ወዲያው ማብራሪያ ነበረኝ። የአገር ስም ይዞራል፤ በአንዳንድ አካባቢ ጎራ የሚባለው እንጆሪው ሳይሆን ቀጋው ነው። ቀጋ፣ ሮዛ አቢሲኒካ፤ ከእንጆሪ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። እሱም እሾህ አለው፣ እሱም በጣት ነው የሚለቀመው። የተሳሳተውን አምጥተናል፤ ነገ ቀጋውን አመጣለሁ አልኩ። ሰላም እንድቀመጥ እንደምትፈልግ በዓይኗ አየሁ። ሆኖም «ሂጂ» አለችኝ።

ቅዳሜ

ብቻዬን ሄድኩ። ዮናስ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ተራ ነበር፤ ወደ ጊንጪ የሚሄድ ሹፌር ለምኖ ለአጎቱ መልእክት ሊልክ። ጋሽ መኮንን ከሩቅ ሲያዩኝ ተነሥተው ቆሙ። «አልበሉም እንዴ?» አሉኝ። አልበሉም ስላቸው መቁረጫ ይዘው ቀደሙኝና ፍሬ የሞላ የቀጋ ዘለላ ቆርጠው ሰጡኝ። እሾሁ እንዳይወጋኝ ጫፉን በሲሚንቶ ወረቀት ጠቅልለው ነው የሰጡኝ።

አጠና ተራ ፌርማታ ወርጄ ወደ ሰፈሩ ቅያስ ልታጠፍ ስል አጠና ተሸካሚዎቹን አየኋቸው። ሁለት ሁለት ሆነው አጠና ይዘው ወደ እነ ሰላም ግቢ ይገባሉ። የሚያወርዱበት ነጋዴ የለም፣ የሚጮህ ሰው የለም። አንዱ ከኋላ ጥቅል ሸራ ተሸክሟል። አጠና ከሸራ ጋር ለምን እንደሚፈለግ ኮልፌም ደብረ ሲናም አንድ ነው።

የድንኳኑን ምሰሶ ሲተክሉ ቀጋዬን ይዤ ቆምኩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ያ የአልጋውን እግር ያስተካከለው፣ ዘለላውን ከእጄ ተቀብሎ አጥሩ ላይ ሰካልኝ። «እማማ ሻይ ያለ ዳቦ አይሰጡንም ነበር» አለኝ። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ።

ሰላም አጠገባቸው ነበረች። እስከ መጨረሻው እጃቸውን ትይዝላቸው እንደነበር ነገረችኝ። የጣታቸው ጫፍ አሁንም ወይን ጠጅ ቀለም እንደያዘ ነበር፤ አጣቢዎቹ ደጋግመው ቢያሹትም አልለቀቀም።

እሑድ

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው ነበር። እኛ አገር ቀብር ሲሆን ሰው ከየገደሉ ሲወጣ ከሩቅ ይታያል። እዚህ በታክሲና በአውቶቡስ እየመጣ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ግቢው ይሞላል። ሥርዓቱ ሊያልቅ ሲል ጋቢ የለበሱ፣ አቧራ የጠጡ አዛውንት ሰው እየገፉ ገቡና መቃብሩ አፍ ላይ «ጫልቱ! ጫልቱ ኮ!» ብለው ወደቁ፤ በኦሮምኛ «የእኔ ጫልቱ» እንደማለት ነው። ሰላምና ዮናስ ተያዩ። እናታቸውን በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ሰምተው አያውቁም። ጋሽ ደሬሳ ነበሩ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሲታደል ጋሽ ደሬሳ ዓይናቸው የዓርቡ ምሳ ዕቃ ላይ ቆመ። ከድንኳኑ ትይዩ ባለው የቤቱ መስኮት ላይ እንደተቀመጠ ነበር፤ ፍሬው ተጨማድዶ ግማሹ ቀርቷል። ከየት አመጣችሁት አሉ። ነገርኳቸው። ከዚያ የእኔ ነገር፣ ዝም ማለት ስለማልችል፣ በእናንተ አገር ጎራ የሚባለው የትኛው ነው፣ ይሄ ጥቁሩ ነው ወይስ አጥሩ ላይ ያለው ቀጋ፣ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጎራ ይሄ ነው» አሉ ጥቁሩን እያሳዩ። «ቀጋውን በሌላ ስም ነው የምንጠራው።»

ሰላም ራሷን ቀና አደረገች። «ታዲያ ለምን አልበላም አለች?»

«ማን? ጫልቱ?» ጋሽ ደሬሳ የገረማቸው በጥያቄው ነው። «ጫልቱ መቼ ጎራ ትበላለች! እናታችን ስትሞት እኔ ትንሽ ነበርኩ። እሾሁን የምትደፍረው እሷ ናት። ለቅማ እዚህ ታደርግልኛለች» አሉ፣ አፋቸውን እያሳዩ። «አንቺስ ስላት፣ እኔ በልቻለሁ ትለኛለች። ስትበላ አንድ ቀን አላየኋትም። ምን እያለች ነበር፣ ልጆቼ? ቃሉን እንዳለ ንገሩኝ።»

«ጎራ በ…» ብሎ ዮናስ ጀመረ፣ አልጨረሰውም።

«ብሉ» አለች ሰላም በቀስታ። «ጎራ ብሉ ነው ያለችን።»

ለማያስተውል ሰው፦ በ«በሉ» እና በ«ብሉ» መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ነው፤ እሱም «በ» እና «ብ»። አንደኛው በር የሚከፍት ቃል ነው፣ ሌላው ያጎርሳል። እማማ የጄልዱን ቃልና የኮልፌን ቃል አንድ ላይ አድርገው፣ አማርኛ ብቻ ለሚያውቁ ልጆቻቸው በሚገባቸው ቋንቋ ተናግረው ነበር። ልጆቹ ሁለተኛውን ቃል አውቀናል ብለው መጀመሪያውን ሳይሰሙ ቀሩ። እኔ መጀመሪያውን ፈታሁ ብዬ ሁለተኛውን ከነጭራሹ ረሳሁት። በዓርቡ ዕለት ፍሬው ልክ ነበር። የተሳሳተው አፉ ነው።

ሰላም አላለቀሰችም። «እጇን መለስኩት» ብቻ አለች። ከዚያ ተነሥታ ምሳ ዕቃውን አመጣች፣ የተጨማደደውን አንድ ፍሬ በሁለት ጣቷ አንሥታ ወደ ወንድሟ አፍ አቀረበች። ዮናስ፣ ያ በሁሉ ነገር የሚቀልደው፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እያየው አፉን ከፈተ። ቀጥላ ለአጎቷ፣ ለእትዬ ጠጂቱ፣ ለእኔ። ሆምጥጦ ነበር። ፍሬው ሊያልቅ ሲል ከአጠና ተሸካሚዎቹ አንዱ ድንኳኑ በር ላይ ሊገባ እያመነታ ቆሞ አየችው።

«ጎራ በሉ» አለችው፣ የቀረችውን ፍሬ እየዘረጋችለት። «ጎራ ብሉ።»

ሰኞ

የመልሱን መንገድ ብዙም አላስታውሰውም። እትዬ ጠጂቱ ለመንገድ ዳቦ ቋጥረውልኝ ነበር፣ ደብረ ብርሃን ላይ ለአጠገቤ ልጅ አካፈልኳት። ጣርማበር ላይ ጉሙ ተቀበለን።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስገባ ከአጥራችን ሥር፣ ተማሪዎች ኳስ ሲያመልጣቸው በሚወርዱበት በኩል፣ ሩበስ አፔታለስ ፍሬው ጠቁሮ ከአጥሩ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ማንም ሳይለቅመው መሬት ላይ ይረግፋል። ረቡዕ ጠዋት በአጠገቡ አልፌ ነበር፣ በሶ ተሸክሜ።

አሁን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እናታችሁ፣ አባታችሁ ወይም ያሳደጓችሁ ሰው በሕይወት ካሉ፣ ሳይታመሙ፣ በዚህ ሳምንት ከቤት ይዛችኋቸው ውጡና አንድ ቁጥቋጦ አሳዩአቸው። ልጅ ሳሉ ምን ይሉት እንደነበር ጠይቋቸው። ሲናገሩ አታቋርጡ፤ የምታውቁት ቃል ቢመስላችሁም እስከ መጨረሻው ስሙ። ለቅመው ወደ እናንተ ከዘረጉ ደግሞ «ለእርስዎ ነው» ብላችሁ እጃቸውን አትመልሱ። አፋችሁን ክፈቱ።